አሮጌ ዘር ሲበቅል የሚመለሰው ምንድን ነው? ስለ ነባር የካናቢስ ዝርያዎች

ኖቬምበር 12 ቀን 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የበጀት ሕግ ፈረሙ። የዕለቱ ትልቅ ወሬ ለሳምንታት ተዘግቶ የነበረው መንግሥት ሥራ መጀመሩ ነበር። ሕጉ ውስጥ ግን ከበጀት ጋር እምብዛም የማይገናኝ አንድ አንቀጽ ተሸጉጧል። የሚያወራው ስለ ካናቢስ ዘር ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ2018 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ አንድ መስመር አስምሮ ነበር። ቴትራሃይድሮካናቢኖል ወይም በአጭሩ ቲኤችሲ የሚባለው አስካሪ ንጥረ ነገር ከደረቅ ክብደቱ 0.3 በመቶ የማይበልጥበትን ካናቢስ "ሄምፕ" አለውና ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር አስወጣው። የካናቢስ ፍሬ ደግሞ ራሱ ቲኤችሲ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአገሪቱ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2022 መጀመሪያ ላይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍሬው ከየትኛውም ተክል ይምጣ፣ እሱ ራሱ ከዚያ መጠን ካላለፈ ሄምፕ ነው አለ። አዲሱ ሕግ ይህን ገለበጠው። ከእንግዲህ የሚታየው ፍሬው ሳይሆን እናቱ ናት። ከ0.3 በመቶ በላይ ቲኤችሲ ካላት ተክል የተገኘና ሊበቅል የሚችል ዘር ከሄምፕ ትርጉም ይወጣል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው ከተፈረመ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

የዘር ነጋዴዎች በዚህ መጨነቃቸው አይገርምም። ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ግን ለሌሎች ነው። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ የተረፈ ፍሬ በፖስታ፣ በብልቃጥ ወይም በካሜራ ፊልም ቆርቆሮ አሽገው ያቆዩ ሰዎች አሉ። የ1978 ዘር እናት ቲኤችሲዋ ስንት ነበር? የለካት የለም። እሷም ከደረቀች ቆይታለች።

እነዚህን አሮጌ ፍሬዎች ማብቀል ባለፉት ዓመታት ራሱን የቻለ እንቅስቃሴ ሆኗል። አንዳንዶች የጠፋ ቅርስ መመለስ ይሉታል። ሌሎች ናፍቆት ብቻ ነው ይላሉ። በወሬው መሀል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይደበላለቃሉ። አንዱ "አሮጌ ዘር ይበቅላል ወይ?" የሚል ነው። ሌላው "የበቀለው ነገር ያ የድሮው ዝርያ ነው ወይ?" የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ "አንዳንዱ አዎ" ነው። የሁለተኛው መልስ ግን ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ወደ "አይደለም" ያዘነብላል።

ስሞቹን እንለይ

"ላንድሬስ" የሚባለው ነባር ዝርያ ነው። አንድ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ ዘሩን ከራሳቸው ማሳ እየመረጡ ሲዘሩት፣ ከአፈሩ፣ ከዝናቡና ከቀኑ ርዝመት ጋር ተላምዶ የቆየ ተክል ማለት ነው። ማሳው ላይ ያሉት ተክሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። አንዱ ቀድሞ ያብባል፣ ሌላው ይዘገያል። የሚያመሳስላቸው ነገር ከሌላ አካባቢ እስኪለዩ ድረስ ይበቃል፤ መልካቸው አንድ እስኪሆን ግን አይደርስም። በሂንዱ ኩሽ ተራሮች፣ በሞሮኮ ሪፍ፣ በደቡብ ሕንድ ኬረላ፣ በኮሎምቢያ ሳንታ ማርታ፣ በማላዊና በታይላንድ የነበሩት ዝርያዎች የዚህ ምሳሌ ናቸው።

"ኤርሉም" ወይም የውርስ ዝርያ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ከነባሩ ማሳ ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ አገር፣ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የቆየ ዘር ነው። በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሜክሲኮና ከኮሎምቢያ ፍሬ እየተመረጠ የተገኘው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

"ስትሬይን" የሚለው ቃል ግን የገበያ ቃል ነው። ፓኬት ላይ የሚለጠፍ ስም ነው፤ በእጽዋት ሳይንስ ቋሚ ትርጉም የለውም። ሦስቱ ሲደባለቁ ነው ግራ መጋባቱ የሚጀምረው። "የ1979 አፍጋን ላንድሬስ" ተብሎ የሚሸጥ ዘር ቢበዛ የውርስ ዝርያ ነው። ካልሆነም ስም ብቻ ነው።

ድሮ ፍሬው እንዴት ተገኘ?

ካናቢስ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ የሚበቅል ተክል ነው። አዳቃዩ ነፋስ ነው። ወንዴው የአበባ ዱቄቱን ይበትናል፣ ሴቴዋ ትቀበላለች፣ ፍሬ ትይዛለች። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሜክሲኮ፣ ከኮሎምቢያ ወይም ከታይላንድ በድብቅ ይወጣ የነበረው ደረቅ አበባ ከነፍሬው ነበር። ገበሬው ወንዴውን የሚነቅልበት በቂ ምክንያት አልነበረውም። አጫሹ ፍሬውን ለይቶ ይጥል ነበር። ጥቂቱ ግን አስቀመጠው። ዛሬ "የድሮ ዘር" የሚባለው አብዛኛው የተገኘው እንዲህ ነው። ያስቀመጡት ሰዎች የእጽዋት ተመራማሪዎች አልነበሩም። ጭሱ የጣማቸው ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የሜክሲኮ መንግሥት በአሜሪካ ድጋፍ ማሳዎች ላይ ፓራኳት የተባለ አረም ማጥፊያ ከአየር መርጨት ጀመረ። የተረጨ ዕፅ አሜሪካ መግባቱ ሲሰማ ሸማቹ ፈራ፣ የሜክሲኮ ገበያ ተናጋ፣ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ማብቀል ተስፋፋ። ሁለተኛ፣ "ሲንሴሚያ" የተባለው አሠራር ተለመደ። ቃሉ ስፓኒሽ ነው፤ "ያለ ዘር" ማለት ነው። ወንዴውን ቀድሞ በመንቀል ሴቴዋ ሳትዳቀል እንድታብብ ይደረጋል፤ ጉልበቷ ፍሬ ላይ ከሚውል አበባዋ ላይ ይውላል። ምርቱ ጠነከረ። ግን በአንድ ምት ፍሬው ከከረጢቱ ጠፋ። ሳይታሰብ ለአሥርት ዓመታት ዘር ሲያሰራጭ የነበረው መንገድ ተዘጋ። የ1970ዎቹ ፍሬ ዛሬ ይህን ያህል የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ከነባር ማሳ በቀጥታ የወጣ ፍሬ በእጅጉ ቀነሰ።

ዘር ሲያረጅ ውስጡ ምን ይሆናል?

አንድ የካናቢስ ፍሬ መዳፍ ላይ ቢቀመጥ የክብሪት እንጨት ጭንቅላት ቢያክል ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ግራጫና ቡናማ ዝንጉርጉር ሥዕል አለበት። ውስጡ ነጭ ፅንስ አለ፤ ሥሩና ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ተጣጥፈው ተኝተዋል። ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው። ችግሩም ያለው እዚያው ዘይቱ ውስጥ ነው።

የካናቢስ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክና አልፋ ሊኖሌኒክ ከሚባሉ አሲዶች የተሠራ ነው። እነዚህ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ይዋሃዳሉ። የቆየ የምግብ ዘይት የሚሸተውን ሽታ ሁሉም ያውቀዋል። ፍሬው ውስጥም የሚሆነው ያው ነው፣ በዝግታ ካልሆነ በቀር። ዘይቱ ሲበላሽ የሚፈጠሩት ነገሮች የሕዋሱን ሽፋን ይበሳሉ። ዲኤንኤው ላይም ስብርባሪ ይጠራቀማል። ደረቅ ዘር ተኝቷልና ጉዳቱን መጠገን አይችልም። ጥገናው የሚጀምረው ውሃ ሲያገኝ ነው። ታዲያ ውሃው በገባባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ሩጫ ይጀመራል። ጥገናው ከጉዳቱ ከቀደመ ይበቅላል። ካልቀደመ ሕዋሱ የያዘውን ስኳርና ጨው ወደ ውጭ ያፈሳል፣ ሻጋታ ይጋበዛል፣ ዘሩ ይበሰብሳል።

መካከለኛ ዕጣም አለ። ብዙ አሮጌ ዘሮች ቅርፊታቸውን ሰንጥቀው የሥር ጫፍ ያወጣሉ፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር። ከዚያ ይቆማሉ። ፅንሱ ሕይወት ነበረው፣ የሚያስሄድ ጉልበት ግን አልነበረውም። "በቀለ" እና "ተክል ሆነ" የሚሉት ሁለት ቃላት የሚራራቁት እዚህ ነው። ቤተ ሙከራዎች እንዲህ ላለው ዘር የተሻለ ዕድል መስጠት ይችላሉ። ፅንሱን ከቅርፊቱ አውጥተው፣ ከጀርም በጸዳ ምግብ አዘል ጄል ላይ ያሳድጉታል። "የፅንስ ማዳን" ይሉታል። ለሌሎች ሰብሎች ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ዘዴ ነው። በየቤቱ በሚደረግ ሙከራ የሚጠፋው ዘር ግን ተመልሶ አይገኝም። አሥር ፍሬ ብቻ ያለው ሰው አሥር ዕድል ብቻ አለው።

ዕድሜውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች እርጥበትና ሙቀት ናቸው። ሃሪንግተን የተባለው የዘር ተመራማሪ የተወው አንድ ቀላል መመሪያ አለ። በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይረዝማል። ሙቀቱ በ5.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስም እንዲሁ። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ እጅግ ደረቅ ለሆነ ዘርና ከዜሮ በታች ላለ ቅዝቃዜም አይሠራም። ያም ሆኖ ልዩነቱን ያሳያል። ከ25 ዲግሪ ወደ 3 ዲግሪ ግድም የወረደ ዘር፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ 16 እጥፍ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ "የ40 ዓመት ዘር" የሚለው አነጋገር ብቻውን ምንም አይነግርም። 40 ዓመት የት? መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ዱቄት ነው። ደርቆ፣ ታሽጎ፣ በቅዝቃዜ ከቆየ ሌላ ታሪክ ነው። የቤት ማቀዝቀዣ ራሱ ወጥመድ አለው። ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ሞቃት አየር ይገባና ቀዝቃዛው ፍሬ ላይ ጤዛ ይሠራል። ዘሩን ለማየት ደጋግሞ የሚከፍት ሰው በፍቅር እየገደለው ነው።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለጂን ባንኮች፣ ማለትም ለዘር ማከማቻ ተቋማት፣ ያወጣው መለኪያ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዘር በጥንቃቄ ከደረቀ በኋላ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ እንዲቀመጥ ይላል። በየጊዜው ናሙና ተወስዶ የመብቀል አቅሙ ይፈተሻል። ሲቀንስ ተዘርቶ ይታደሳል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ጥንታዊ ዘር የሚወራው ተረት ብዙ ነው። ከግብፅ መቃብር የወጣ ስንዴ በቀለ የሚለው ወሬ ለዘመናት ተነግሯል፤ ሐሰት ነው። በአንጻሩ ማሳዳ ከተባለው የይሁዳ በረሃ ምሽግ የወጣ፣ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ የተምር ፍሬ በ2005 ተዘርቶ በቅሏል። ለካናቢስ ግን የሚጠቀሰው ሌላ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና ቱርፋን አጠገብ በያንግሃይ መቃብር ከ2,700 ዓመት በፊት ከተቀበረ ሰው ጎን 789 ግራም ካናቢስ ተገኘ። አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ እንኳ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ተመራማሪዎቹ ከፍሬው ወስደው ለማብቀል ሞከሩ። አንድም አልበቀለም።

አምስት ችግኝ ማሳ አይተካም

እንበል ተሳካ። ከ50 አሮጌ ፍሬ 10 በቀለ። አንዱ ወንዴ፣ ዘጠኙ ሴቴ ሆኑ። ሴቴዎቹ ሁሉ በዚያ አንድ ወንዴ ተዳቅለው በሺህ የሚቆጠር አዲስ ፍሬ ሰጡ። ዝርያው ዳነ?

የሥነ ዘር ተመራማሪዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት "ውጤታማ የሕዝብ መጠን" የሚባል ስሌት አለ። የተክሎቹን ብዛት ሳይሆን፣ የዘር ብዝኃነትን ከማስተላለፍ አንጻር ስንት ወላጅ እንዳለ የሚቆጥር ነው። የወንዴውንና የሴቴውን ቁጥር አባዝቶ፣ በ4 አባዝቶ፣ ለድምራቸው ያካፍላል። አንድ ወንዴና ዘጠኝ ሴቴ 36 ሲካፈል ለ10፣ ማለትም 3.6 ይሆናሉ። አሥር ተክል እንደ አራት እንኳ አይሆንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የልጆቹ ግማሽ ውርስ በሙሉ ከአንድ አባት ነው። በዚህ መጠን በአንድ ትውልድ ከብዝኃነቱ 14 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ለአንድ ጊዜ ይቻላል። አሥር ትውልድ እንዲህ ቢቀጥል ግን የሚቀረው 22 በመቶ አካባቢ ነው። ብዛቱ በኋላ ቢጨምርም የጠፋው አይመለስም። ሺህ ፍሬ የአሥር ተክል ቅጂ ነው።

ይህ ካናቢስን በተለይ ይጎዳዋል። በነፋስ የሚዳቀል ተክል በተፈጥሮው ከሩቅ ዘመድ ጋር መቀላቀልን የለመደ ነው። ከቅርብ ዘመዱ ጋር ሲዳቀል ይኮሰምናል፤ ቁመቱ ያጥራል፣ ፍሬው ያንሳል።

ሌላም ስውር ምርጫ አለ። ለ40 ዓመት የቆየው ፍሬ በዕጣ አልቆየም። ቅርፊቱ የጠነከረ፣ ዘይቱ የተሻለ የተጠበቀ ነው የተረፈው። የሞቱት ምን ይዘው እንደሞቱ አይታወቅም። ከዚህ በላይ ደግሞ የሚዘራበት ቦታ ይመርጠዋል። ካናቢስ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። ከምድር ወገብ አካባቢ የመጣ ዝርያ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነበት ለማበብ አይቸኩልም። አራት ወርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሰሜን አውሮፓ ሜዳ ላይ ቢዘራ ውርጭ ይቀድመዋል። ፍሬ የሚሰጠው ከመሀላቸው የቸኮለው ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም የቸኮለው ልጅ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ስሙ "ታይ" ይሁን እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ በመብራት ሲበቅልም ያው ነው፤ ረጅሙ ተክል ጣሪያ ይነካና ይወገዳል።

ነፋሱም አለ። በ1997 የታተመ ጥናት በደቡብ ስፔን አየር ላይ የተያዘ የካናቢስ የአበባ ዱቄት ከሰሜን አፍሪካ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ አሳይቷል። ዱቄቱ ይህን ያህል የሚጓዝ ከሆነ "ንጹሕ አድርጌ አቆየሁት" የሚል ሰው በጣም የታጠረ ቤት ያስፈልገዋል።

ስሙና ተክሉ

በ2015 የካናዳ ተመራማሪዎች የብዙ ናሙናዎችን ዲኤንኤ አነጻጽረው፣ የገበያ ስም የዘር ማንነትን ብዙ ጊዜ እንደማያሳይ ጽፈዋል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ናሙናዎች ከሌላ ስም ካለው ይልቅ እርስ በርስ ተራርቀው የተገኙበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ ደግፈዋል። አንድ ፖስታ ላይ "አካፑልኮ 74" ተብሎ በእስክርቢቶ መጻፉ የሚያሳየው የሆነ ሰው እንዲያ ማመኑን ነው። በተከለከለ ገበያ ውስጥ የመጣበት ቦታ የሚነገረው ለዋጋ ሲባል ነበርና፣ ያ ሰው ራሱ የተነገረውን ነው የጻፈው።

የሪፍ ተራሮች ምን ያሳያሉ?

የሞሮኮ ሪፍ ገበሬዎች ነባሩን ዝርያ "ቤልዲያ" ይሉታል፤ የአገር ቤት እንደማለት ነው። ቁመቱ አጭር ነው። ዝናብ ጠብቆ ይዘራል፣ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ግን ከአውሮፓ የመጡ ድቅሎች ማሳውን ወረሩት። "ኻርዳላ"፣ "ክሪቲካል" የሚባሉት ከሄክታር የሚሰጡት ምርት ይበልጣል፣ ቲኤችሲያቸውም እንዲሁ። ግን በበጋ መስኖ ይፈልጋሉ። ውሃ ባጠረው ተራራ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፓምፕ ተተከለ። የአንዱ ማሳ ድቅል የአበባ ዱቄቱን የጎረቤቱ ቤልዲያ ላይ መበተኑም አልቀረም።

ሞሮኮ በ2021 ባወጣችው ሕግ ካናቢስን ለሕክምና፣ ለመዋቢያና ለኢንዱስትሪ በፈቃድ ማምረት ፈቀደች። በ2024 ደግሞ ቤልዲያን በሕጋዊ መንገድ መዝራት ተጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ንጉሡ ከካናቢስ እርሻ ጋር በተያያዘ ለተፈረደባቸውና ለሚፈለጉ 4,831 ሰዎች ምሕረት ሰጡ። ከዘር አንጻር ምሕረቱ ትልቅ ነገር ነው። ዘሩን ያወቀው ገበሬ ሲሸሽ ዘሩም አብሮ ይሸሻልና።

እኔ ከሁሉ የሚያሳምነኝ ይህ ምሳሌ ነው። ቤልዲያ የተረፈው በማቀዝቀዣ አይደለም። ውሃ መግዛት የማይችል ገበሬ በየዓመቱ ስለዘራው ነው። ጃማይካ ሌላኛው ጫፍ ናት። በ2015 ሕጓን ካላላች በኋላ፣ በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ማሼል ኢማኑኤል የተባሉ ተመራማሪ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ይታወቅ የነበረውን የጃማይካ ጋንጃ መልሶ የማቆም ሥራ ጀመሩ። እዚያ ከማሳው ስለጠፋ መፈለግ ነበረበት። አንድ ዝርያ ከማሳ ሳይወጣ መጠበቅና ከወጣ በኋላ መሰብሰብ የሚለያዩት በዚህ ያህል ነው።

የዘር ባንኮቹስ የት ነበሩ?

ስንዴና ገብስ በሺህ የሚቆጠር ናሙና በየጂን ባንኩ ሲቀመጥ ካናቢስ ለምን ወደ ግለሰብ መሳቢያ ወረደ? መልሱ ሕጉ ውስጥ ነው፤ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

የ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ካናቢስን ሲተረጉም አበባና ፍሬ ያዘለውን ጫፍ ይላል። ከጫፉ የተለየ ዘርና ቅጠልን ከትርጉሙ አውጥቷል። ለኢንዱስትሪ የሚዘራውንም በግልጽ ነጻ አድርጎታል። ስለዚህ በዓለም አቀፉ ሕግ ዘሩን መያዝ ችግር አይደለም። ችግሩ መዝራቱ ነው። ቅድም ያቆየነው ነጥብ እዚህ ይመለሳል፤ ዘር በየጊዜው ተዘርቶ ካልታደሰ ይሞታል። አንድ ተቋም ቲኤችሲ ያለውን ዝርያ ለማደስ መቶ ሁለት መቶ ተክል፣ ወንዴና ሴቴ፣ ከሌላው ተነጥሎ ማብቀል አለበት። ይህ ፈቃድ፣ አጥር፣ ጥበቃና ገንዘብ ይጠይቃል። አብዛኛው ተቋም እዚህ ላይ ያቆማል።

ሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘው የቫቪሎቭ ኢንስቲትዩት በዓለም ካሉት ትልልቅ የሄምፕ ስብስቦች አንዱ አለው። ለረጅም ጊዜ የመራውና ስሙን የሰጠው የእጽዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1924 አፍጋኒስታንን ሲያስስ እዚያ የነበረውን ካናቢስም መዝግቧል። ከተማዋ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ጊዜ የኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች በዘር ክምር መሀል ሆነው በረሃብ ሞተዋል፤ ዘሩን አልነኩትም። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 በስታሊን እስር ቤት ሞተ። ያን ሁሉ ያለፈ ስብስብ በ1990ዎቹ ሶቪየት ስትፈርስ በገንዘብ እጦት አደጋ ላይ ወደቀ። የሄምፕ ናሙናዎቹን መልሶ ዘርቶ ለማደስ ዓለም አቀፉ የሄምፕ ማኅበር ከውጭ ድጋፍ አሰባስቧል። ጦርነት ያላጠፋውን ዘር የአንድ ዓመት በጀት ሊያጠፋው ይችላል።

በ2001 የጸደቀው ዓለም አቀፉ የእጽዋት ዘር ሀብት ስምምነትም አለ። አገሮች ዘር በቀላሉ እንዲለዋወጡ የሰብሎች ዝርዝር አውጥቷል። ካናቢስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ለምን ያስፈልጋል? አያስፈልግምስ?

አንደኛው ወገን ነገሩን በጥርጣሬ ያየዋል። ካናቢስ ለብዙ ሰው የጤና ችግር ነው፤ ጠንካራ ዝርያ መጠበቅ ምን ይጠቅማል ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግምቱ ግን ተገልብጧል። በአሜሪካ ከተያዘ ካናቢስ በተወሰደ ናሙና አማካይ የቲኤችሲ መጠን በ1995 ከነበረበት 4 በመቶ አካባቢ በ2014 ወደ 12 በመቶ አድጓል። ጥንካሬው የመጣው በዘመናዊው ማዳቀል ነው። ነባሮቹ በአብዛኛው ደካሞች ነበሩ። ከመሀላቸው በርከት ያለ ሲቢዲ፣ ማለትም የማያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ የያዙ አሉ። አንዳንድ የአፍሪካና የእስያ ዝርያዎች ደግሞ ቲኤችሲቪ የሚባል፣ በዘመናዊው ገበያ ብርቅ የሆነ ንጥረ ነገር አላቸው።

ሁለተኛው ወገን አዳቃዮቹ ናቸው። "የሚፈለገውን ጂን አሁን ባሉት ድቅሎች ውስጥ አስገብተነዋል፤ አሮጌውን ማንሳት ጊዜ ማባከን ነው" ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ዘመናዊው ድቅል ከአፍጋን፣ ከሜክሲኮ፣ ከኮሎምቢያና ከታይ የተወሰደ ነው። ግን የተወሰደው ለገበያ የሚፈለገው ብቻ ነው። ድርቅ መቻል፣ ሻጋታ መቋቋም፣ የቃጫ ጥራት አልተመረጡም። በዚያ ላይ የዛሬው ምርት ብዙው በዘር ሳይሆን ከእናት ተክል በሚቆረጥ ቁራጭ ነው የሚባዛው። ሁሉም አንድ ከሆነ በሽታውም ለሁሉም አንድ ነው። በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ በካናቢስ ላይ መኖሩ የተረጋገጠው ሆፕ ሌተንት ቫይሮይድ የተባለ ተላላፊ በቁራጭ አማካይነት በብዙ እርሻ ተሰራጭቷል። ተክሉን ያቀጭጨዋል፣ ንጥረ ነገሩንም ይቀንሳል።

የመጠባበቂያ ጉዳይም አለ። በ2021 የታተመ ሰፊ የጂኖም ጥናት ካናቢስ ከ12,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ እስያ መለመዱን ገምቶ፣ ያልተቀላቀለ የዱር ዘመዱ የጠፋ እንደሚመስል ደምድሟል። ዱር የምናየው ከእርሻ ያመለጠው ነው። ሌሎች ሰብሎች ሲቸግራቸው ወደ ዱር ዘመዳቸው ይመለሳሉ። ካናቢስ ያለው ነባሩ ማሳ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክርክር የባለቤትነት ነው። ያ ፍሬ ከሪፍ ወይም ከማላዊ ገበሬ የወጣ ነው። ዛሬ በስሙ ፓኬት የሚሸጠው ሌላ ነው። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ከዘር ሀብት የሚገኝ ጥቅም ለምንጩ ማኅበረሰብ እንዲደርስ ይጠይቃል። በ1970ዎቹ በከረጢት ውስጥ በኮንትሮባንድ ለወጣ ፍሬ ግን ከፕሮቶኮሉ በፊት የወጣ ነውና እጁ አጭር ነው። ሰብሳቢዎቹ "እኛ ባናስቀምጠው ጠፍቶ ነበር" ይላሉ። ልክ ሊሆን ይችላል። ያስቀመጡት ለማን እንደሆነ ግን ገና አልተመለሰም።

ወደፊት ምን ይታያል?

ቅርቡ ነገር የአሜሪካው ሕግ ነው። በኖቬምበር 2026 ሥራ ላይ ሲውል የአሮጌ ዘር ልውውጥ በፖስታ የሚካሄድበት መንገድ ይጠብባል። ካናቢስን በፈቀዱ ግዛቶች ውስጥ ማብቀሉ ይቀጥላል፤ ዘሩን ከግዛት ግዛት ማዘዋወር ግን እንደገና በፌዴራል ሕግ ጥላ ሥር ይወድቃል። ውጤቱ ሊገመት ይችላል። ልውውጡ አይቆምም፣ ይደበቃል። ሲደበቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው መዝገብ ነው፤ ከየት መጣ፣ ስንት ፍሬ ነበር፣ ስንቱ በቀለ፣ ስንት ወንዴና ስንት ሴቴ ተዳቀለ የሚለው። እነዚህ አራት ቁጥሮች ከሌሉ ለተመራማሪ የሚተርፈው ስም የተለጠፈበት ድቅል ነው።

በሌላ በኩል የዲኤንኤ ምርመራ ዋጋ እየወረደ ነው። የማይበቅል ዘር እንኳ ዲኤንኤው ተሰባብሮም ቢሆን ሊነበብ ይችላል። የሞተውን ፍሬ የሚጥል ሰብሳቢ እንግዲህ ሊያስብበት ይገባል። ከበቀለው ጎን ያልበቀሉት 40 ፍሬዎች ቢነበቡ፣ በቅለው ያመለጡት አሥሩ ከድሮው ማሳ ምን ያህሉን እንደያዙ ማነጻጸር ይቻላል። "የ1979 አፍጋን" የሚለው ጽሑፍም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ እውነተኛ ነገር ጋር ይመዛዘናል።